ማክሰኞ ማታ ማን ይመጣል? የአንድ ፉቲ ተጫዋች ወደ አማተር አሰልጣኝነት ያደረገው ጉዞ

ይህን ጉዳይ ለምን ጻፍኩት

የምኖረው ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ነው። የከተማዋ ምዕራብ ማለት ነው። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው ሁሉም እዚሁ ሰፈር ይገኛል። ከዚያው ትንሽ ራቅ ብሎ ዊትን ኦቫል አለ፣ የፉቲ (የአውስትራሊያ ፉትቦል) ክለቡ የዌስተርን ቡልዶግስ ሜዳ።

እሁድ እሁድ የማኅበረሰባችንን ልጆች እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። በነጻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጨዋታ አሸንፈን እየተቃቀፍን ሳለ አንዲት እናት ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና «ወንድሜ፣ ልጄ እኮ ቆሞ ነው የዋለው» አለችኝ። ዞር ብዬ የልጁን ታኬታ አየሁት። ዝናብ የጣለበት ቀን ነበር፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ የሌሎቹ ልጆች ታኬታ ቀለሙ አይለይም። የእሱ ግን ልክ ከካርቶን እንደወጣ ነበር። በሳምንቱ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ይህ ነገር ብዙ ቀን ከውስጤ አልወጣም። የሰፈሬን ክለብ ታሪክ የማውቅ ስለሆንኩ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ተጫዋች ሆኖ ስሙ ብዙም አልተነሳም፣ በአማተር ሜዳ አሠልጥኖ ግን የአገሪቱን ትልቁን ዋንጫ እስከማንሳት ደርሷል። ፉቲ የሚከታተል ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቀዋል። እኔ ግን ስሙን አልጠራም፣ የሌሎቹንም እንዲሁ። ዓይናችን ከሰውየው ዝና ይልቅ አካሄዱ ላይ ቢያርፍ ይሻላል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው

የአውስትራሊያ ፉትቦል፣ ሰዉ ባጭሩ «ፉቲ» የሚለው፣ ከእግር ኳስም ከራግቢም የተለየ ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሱም ሞላላ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን በእግር ትመታለህ፣ ወይም በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው በጡጫ ትመታዋለህ። መወርወር ክልክል ነው። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች አሉ። በመሃለኞቹ መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ 6 ነጥብ ያስገኛል፣ በጎንና በጎን ያለፈ 1 ነጥብ። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ተከላካይ ነህ ተብለህ ብትሰለፍም ጨዋታው ወደፈለገው ይወስድሃል። ብዙ ቦታ መጫወት የሚችል ሰው በዚህ ጨዋታ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ተጫዋቹ

ቤተሰቡ የፉቲ ቤተሰብ ነው። አያቱ ኮሊንግዉድ የተባለው ክለብ ከ1927 እስከ 1930 አራት ዋንጫ በተከታታይ ሲበላ የቡድኑ ተሰላፊ ነበሩ። አባቱ ደግሞ ለሌላው ክለብ ለሴንት ኪልዳ ለረጅም ጊዜ ተጫዋች ይመለምሉ ነበር።

እሱ ራሱ በ1989 ለሜልቦርን ክለብ መጫወት ጀመረ። ቁመቱ አጭር ነው፣ አጥቂ መስመር ላይም ይሰለፋል፣ መሃልም ይገባል። ለሜልቦርን 42 ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ ወደ ፉትስክሬይ፣ ማለትም ወደዛሬው ዌስተርን ቡልዶግስ መጣና 31 ተጫወተ። በመጨረሻ ሴንት ኪልዳ ገብቶ 45 ጨምሮ በ1999 ጫማውን ሰቀለ። ድምሩ 118 ጨዋታ ነው፣ በ11 የውድድር ዓመት።

ቁጥሩን ቆም ብለን እንየው። በእሱ ዘመን አንድ ቡድን በዓመት ከፍጻሜ ውድድሩ (ከመደበኛው ውድድር ቀጥሎ ለዋንጫ ከሚደረጉት ጨዋታዎች) በፊት 22 ገደማ ጨዋታ ያደርግ ነበር። 118ን ለ11 ስታካፍለው 11 እንኳን አይሞላም። ይህ ሰው ከሚችለው ጨዋታ ግማሹን ያህል አልተጫወተም ማለት ነው። ያም በሆነ ምክንያት፣ ጉዳትም ይሁን አለመመረጥ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ከጎን ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል አሳምሮ ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ አዲስ መልበሻ ክፍል ገብቷል፣ ሦስት ጊዜ ራሱን ከዜሮ አስተዋውቋል።

እኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁልጊዜ የሚሰለፍ ኮከብ አሰልጣኝ ሲሆን ተቀያሪው ልጅ ምን እንደሚሰማው መገመት አለበት። ይሄኛው ግን ያስታውሳል።

ችግሩ

ትልቁ ሊግ ረዳት አሰልጣኝ ሲፈልግ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ብዙ የተጫወቱ፣ ዋንጫ የበሉ፣ ካፒቴን የነበሩ ሰዎች ላይ ነው። 118 ጨዋታ በዚያ ሚዛን ከባድ አይደለም። ሰውየው ጫማ ከሰቀለ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ገባ። የገንዘብ ዝውውርን በሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ከሙሉ ጊዜ ፉቲ ወጥቷል።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ስልክ እስኪደወልለት መጠበቅ፣ ወይም ማንም በማያይበት ቦታ ሥራውን መጀመር። እሱ ሁለተኛውን መረጠ። ከሜልቦርን ደቡብ ምሥራቅ፣ ባሕሩ አጠገብ የሚገኘውን ሴንት ቢድስ ሜንቶን የተባለ አማተር ክለብ ያዘ። ክለቡ በ2006 የሚጫወተው ሲ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር።

አማተር ሜዳ ማለት

ክለቡ የሚወዳደረው በቪክቶሪያ አማተር ፉትቦል ማኅበር ሥር ነው። ማኅበሩ ከ1892 ጀምሮ ያለ ነው። ዋናው ሕጉ አንድ ነው፣ ተጫዋች አይከፈለውም። እንዲያውም በየክለቡ መዋጮ የሚከፍለው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ይህን አንባቢ በደንብ እንዲያየው እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ከዚህ ይመነጫል። ወሩ ሐምሌ ነው እንበል። እዚህ ክረምት ነው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል። ማክሰኞ ማታ ልምምድ አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሥራ በቀጥታ ነው የሚመጣው፣ የሥራ ልብሱን መኪናው ውስጥ ይቀይራል። ተማሪው ነገ ፈተና አለበት። አንዱ ሚስቱ ወልዳለች። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ የሜዳው መብራት ግማሹን ጥግ አያዳርስም። ማንም ቢቀር ደመወዙ አይቆረጥም፣ ምክንያቱም ደመወዝ የለም። አሰልጣኙ በእጁ ያለው ነገር ቢኖር ነጭ ሰሌዳ፣ የተጫዋች ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ ማግኔቶችና አንደበቱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ ቡድን ይለያል። ከዋናው የወጣው ልጅ ቅዳሜ በዚያው ሜዳ ቀድሞ በሚጫወተው በሁለተኛው ቡድን ይሰለፋል። ፊቱ ላይ ታየዋለህ። በትልቁ ሊግ ቢሆን ኮንትራት አለው፣ ተናዶም ይመጣል። እዚህ ግን ቅር ካለው ሻንጣውን አንስቶ ሊሄድ ይችላል። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የአንዱ አባት የጎል ባንዲራ ያውለበልባል፣ የሌላው እናት ቋሊማ በዳቦ ትሸጣለች፣ በእረፍት ሰዓት የተቆራረጠ ብርቱካን ይዞራል። አሰልጣኙ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ካላከበረ ክለቡ አይቆምም።

የተገኘው ውጤት

በ2006 ቡድኑ የሲ ዲቪዚዮንን ዋንጫ በላ። ወደ ቢ አደገ። በ2007 የቢን በላ። ወደ ኤ አደገ። በ2008 የኤን በላ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት እርከን፣ ሦስት ዋንጫ!

ለምን እንደሚያስገርም ላስረዳ። አንድ ቡድን ሲያድግ ተጋጣሚው ይከብዳል። በሌላ ሊግ ያደገ ክለብ ወዲያው ወደ ገበያ ወጥቶ ይገዛል። እዚህ በገንዘብ ተጫዋች ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ያለህን ልጅ ማሻሻል ብቻ ነው ያለህ ምርጫ። አምና ለሲ የሚበቃ የነበረውን ዘንድሮ ለቢ፣ ለከርሞ ለኤ እንዲበቃ ማድረግ። በሦስተኛው ዓመት ማክሰኞ ማታ ያ ሜዳ ላይ ሰው እንዳልጠፋ እርግጠኛ ነኝ፣ ሰው ሳይመጣ እንዲህ ዓይነት ውጤት አይገኝም።

ወደ ትልቁ ሊግ

ስልኩ የተደወለው ከዚህ በኋላ ነው። በ2009 ኮሊንግዉድ ወሰደው፣ በ2010 ክለቡ ዋንጫ ሲበላ ከአሰልጣኞቹ አንዱ ነበር። ከ2012 እስከ 2014 ሆውቶርን ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። ሆውቶርን በ2013ም በ2014ም ዋንጫ በላ። በ2014 መጨረሻ ሴንት ኪልዳ በሌላ ኃላፊነት ወስዶት ነበር፣ ግን ብዙም ሳይቆይ የዌስተርን ቡልዶግስ ዋና አሰልጣኝነት መጣለት።

ቡልዶግስ በዚያን ጊዜ የተጎዳ ቤት ነበር። በ2014 14ኛ ወጥቷል። ካፒቴኑ ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ ብሎ ሄደ፣ አሰልጣኙም ለቀቀ። ክለቡ እስከዚያ ድረስ በትልቁ ሊግ የበላው አንድ ዋንጫ ብቻ ነበር፣ እሱም በ1954። ከዚያም አልፎ በ1989 ከሌላ ክለብ ጋር ሊዋሃድና ስሙ ሊጠፋ ሲል ያዳነው የምዕራቡ ሠፈር ሕዝብ ነው፣ ሳንቲም በቆርቆሮ እየለመነ። እዚህ ስትኖር ይህን ታሪክ ከጎረቤት ትሰማዋለህ። አረጋውያኑ ትናንት የሆነ ይመስል ነው የሚያወሩት።

በመጀመሪያ ዓመቱ በ2015 ቡድኑን 6ኛ አደረገውና የፍጻሜ ውድድር አስገባው። በመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ በአደሌድ በ7 ነጥብ ተሸነፉ።

የ2016ቱ ዓመት

በ2016 መጀመሪያ፣ ገና በሦስተኛው ዙር፣ የአዲሱ ካፒቴን የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው ገፍቷል፣ ዋንጫ በልቶ አያውቅም፣ ዓመቱ ለእሱ አበቃ። ሌሎችም ተራ በተራ ተጎዱ። አሰልጣኙ ያደረገው ነገር ከአማተር ሜዳ የመጣ ነው ብዬ ነው የማምነው። በየሳምንቱ ቡድኑን ይቀያይራል። የሁለተኛ ቡድኑን ልጅ ያስገባል። አንዱን ተከላካይ ወደፊት፣ አጥቂውን ወደ መሃል ይወስዳል። ቡድኑ በፈጣን የእጅ ቅብብል ይታወቅ ነበር፣ ያ ደግሞ ማንም የትም ቢገኝ የሚሠራ አጨዋወት ነው።

መደበኛውን ውድድር 7ኛ ሆነው ጨረሱ። ከ7ኛ ተነስቶ ዋንጫ የበላ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። መጀመሪያ ፐርዝ ድረስ ሄደው ዌስት ኮስትን በ47 ነጥብ አሸነፉ። ቀጥሎ ሦስት ዓመት በተከታታይ የነገሠውን ሆውቶርንን፣ የራሱን የቀድሞ ክለብ፣ በ23። ከዚያ ሲድኒ ላይ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን በ6። በፈረንጆቹ ጥቅምት 1 ቀን በግራንድ ፋይናሉ፣ በዋንጫው ጨዋታ፣ 99,981 ሰው በታደመበት፣ ሲድኒን 89 ለ67። ከ62 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ያን ቀን ፉትስክሬይ መንገዱ ላይ የማላውቀው ሽማግሌ አቅፎኝ አልቅሷል። ሀበሻውም ቬትናሙም ሱዳኑም ወጥቶ ነበር።

ሽልማቱ ላይ የሆነውን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለአሸናፊው አሰልጣኝ የሚሰጠው ሜዳሊያ የጆክ ማክሄል ሜዳሊያ ይባላል። ማክሄል ማን መሰላችሁ? የዚህ አሰልጣኝ አያት አራቱን ዋንጫ ሲበሉ የኮሊንግዉድ አሰልጣኝ የነበረው ሰው ነው። ለዚህ ሰው ያ ሜዳሊያ የቤተሰብ ቅርስ ያህል ነው። አንገቱ ላይ ጠለቀለት። እሱ ግን ጉልበቱ ተጎድቶ ያልተጫወተውን ካፒቴን ወደ መድረኩ ጠራና ሜዳሊያውን ከራሱ አውልቆ አጠለቀለት። ዋንጫውንም አብረው አነሱት።

በድንገት የመጣለት ሐሳብ ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ግማሽ ዕድሜውን ከጎን ቆሞ ጨዋታ ያየ ሰው ነው ይህን የሚያስበው እላለሁ።

ያልሠራው

ሁሉም ነገር አልሠራም፣ ይህን መዝለል ልክ አይሆንም። በቀጣዩ ዓመት በ2017 ቡድኑ 10ኛ ወጥቶ ከፍጻሜ ውድድር ቀረ። በ2018 ደግሞ 13ኛ። በ2021 እንደገና ግራንድ ፋይናል ደረሱ፣ ግን በሜልቦርን በ74 ነጥብ ተሸነፉ። ያም የመጀመሪያ ክለቡ ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ ሰውን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ሁለት ስለት ያለው ነገር ነው። ቡድኑ ሲራብ ጉልበት ይሆናል። ከጠገበ በኋላ ግን ተጫዋቹ «የኔ ቦታ የቱ ነው?» ማለት ይጀምራል። አማተር ክለብ ውስጥ በየዓመቱ እርከኑ ስለሚቀየር አዲስ ረሃብ አለ። ትልቁ ሊግ ላይ ከዋንጫ በላይ የሚወጣበት እርከን የለም።

ዕድልም አለበት። በ2016 ከፍጻሜ ውድድሩ በፊት የአንድ ሳምንት እረፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ተጎድተው የነበሩ የቡልዶግስ ተጫዋቾች በዚያ ሳምንት አገገሙና ለፐርዙ ጨዋታ ደረሱ። ያ እረፍት ባይኖር ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ይሆናል።

እኔ ለሜዳዬ የወሰድኩት

አንደኛው ነገር፣ በነጻ የሚመጣን ሰው እንደ ተከፋይ ማዘዝ አይቻልም። የእኛ ማኅበረሰብ ቡድኖች፣ ዕድሮች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ሁሉም የሚቆሙት በነጻ በሚመጡ ሰዎች ነው። መገኘታቸው ራሱ ስጦታ ነው። አሁን በየልምምዱ ማን እንደመጣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስም የምይዘው ለቅጣት አይደለም፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ካለ ለመደወል ነው። «ጋሼ፣ እኔ መቅረቴን አየህ እንዴ?» ያለኝ ልጅ አለ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ብትሰሙት!

ሁለተኛው፣ ልጅ አንድ ቦታ ላይ ቸንክሮ ማስቀረት አይበጅም። የ11 ዓመት ልጅን «አንተ ተከላካይ ነህ» ብሎ መፈረጅ ምን ይጠቅማል? በዚህ ዓመት በየሦስት ጨዋታው ቦታ እናቀያይራለን። መጀመሪያ ላይ ተሸነፍን፣ ሦስቱንም። ወላጆች አጉረመረሙ፣ አንዱ አባት «ልታሸንፍ አትፈልግም ወይ?» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፣ ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ግን በረኛ ሆኖ የሚያውቅ አጥቂ በረኛው የት እንደማይደርስ ያውቃል። አራተኛው ጨዋታ ላይ እኩል ወጣን።

ሌላው፣ ቡድን ስለይ ያልገባውን ልጅ አስቀድሜ ለብቻ አናግረዋለሁ፣ ሌሎቹ ከመስማታቸው በፊት። ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ይህን ማድረግ በመጀመሪያው ሳምንት ከብዶኝ ነበር፣ ምን እንደምል ጠፋኝ። አሁን ምክንያቱንና መቼ እንደሚገባ ብቻ እነግረዋለሁ። ቀኑን ከነገርኩት ደግሞ ያን ቀን ይገባል፣ ፍጻሜም ቢሆን።

ለዚያች እናት ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጁ ቅርጫት ኳስ ጀምሯል፣ ደስ ብሎታል አለችኝ። ታናሽ ወንድሙ ግን 9 ዓመት ሞልቶታል፣ የፊታችን እሁድ ይዤው እመጣለሁ ብላኛለች። ግራ ተከላካይ አስጀምረዋለሁ። ከእረፍት በኋላ ወደ ፊት ይሄዳል።